ሰኞን የሚወድ ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ፋይል ሲከፍት ጣቱን መጀመሪያው ፊደል ላይ ያስቀምጣል። ባነበበ ቁጥር ጣቱ ወደፊት ይሄዳል፤ አቁም ሲሉት ይቆማል፤ ዘግተው እንደገና ሲከፍቱት ግን ትናንት የት እንደነበረ ትዝ አይለውም፣ ተመልሶ መጀመሪያው ላይ ጉብ ይላል። ይህን ያልፈለገ ሰው ጣቱን አንስቶ የሚፈልግበት ቦታ ላይ ማስቀመጥ አለበት። እኔ ደብረ ታቦር ላይ ለዓመታት የማስተምረው ይህንን ነው። ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር አሰምራለሁ፣ ከሥሩ ቀስት እስላለሁ፣ ቀስቱን በዳስተር አጥፍቼ ሌላ ቦታ እስለውና «ገባችሁ?» እላለሁ። «ገብቶናል» ይላሉ። ፈተናው ሲታረም እንዳልገባቸው ይታወቃል። እኔም እንዳልገባኝ ያወቅሁት ግን አባቴ ሲነግሩኝ ነው፤ አባቴ ደግሞ ያን ጊዜ ኮምፒውተር በእጃቸው ነክተው አያውቁም ነበር።

አባቴ የሚኖሩት ጋፋት ነው። ባጃጁ እስከሚችለው ድረስ ይወስደኛል፤ የቀረውን በገብሱና በጤፉ መሀል በእግር እሄደዋለሁ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ቅስና ሳይደርሱ አገቡና ገበሬ ሆነው ቀሩ፤ ከዚያ ሁሉ ትምህርት ይዘው የወጡት አንድ የብራና ጸሎት መጽሐፍና አንድ ልማድ ነው። መጽሐፉ ለሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው። ሰኞ የሰኞው ይነበባል፣ ማክሰኞ የማክሰኞው፣ እንዲህ እያለ እሑድ ያልቃል። አባቴ የዕለቱን ክፍል ሳያነቡ እህል ቀምሰው አያውቁም። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ አንድ ቀን አልተቋረጠም። አውድማ ላይ አንብበዋል፣ በወባ እየተንቀጠቀጡ አንብበዋል፣ እኔን የዳሩኝ ቀን ሙሽራው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ የሐሙስን ክፍል ጨርሰዋል። ያንን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁላቸውም።

ሌላም ሥርዓት አላቸው። እያነበቡ ሳለ አንድ ነገር ካቋረጣቸው፣ ጥጃ ማሳ ገባ ወይም ሰው ደጅ ላይ ተጣራ እንበል፣ ተመልሰው ያቆሙበት መስመር ላይ አይቀጥሉም። የምዕራፉ መጀመሪያ ሄደው እንደገና ይነሳሉ። «ከመሀል አይነሳም» ይላሉ፣ በቃ። ልጅ ሆኜ ወፍጮ ቤት ሊልኩኝ እንደሆነ የጠረጠርኩ ጠዋት የምዕራፉ መጨረሻ መስመሮች ላይ ሲደርሱ «አባባ!» ብዬ እጣራ ነበር። ያኔ ከመጀመሪያው ይነሳሉ፤ እኔም ግማሽ ሰዓት አተርፋለሁ። ያወቁብኝ አልመሰለኝም ነበር።

መጽሐፉ ሁለት ክር ነበረው። አንዱ ከጥራዙ ጀርባ የታሰረ ነጭ ክር ነው፤ በየቀኑ እያነሱ የደረሱበት ቅጠል ላይ ያሳድሩታል። ሌላው ቀይ ነው። አንድ ቅጠል ጠርዝ ላይ በመርፌ ተሰፍቶ ነው ያለው፤ አይነሳም፣ አይንቀሳቀስም። እኔ ጌጥ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የአባቴ ዓይን ላይ ሞራ ወጣ። አንደኛው ዓይናቸው ቀድሞ ሄደና ብርሃን ከጨለማ ብቻ የሚለይ ሆነ፤ ሁለተኛውም ይከተለው ጀመር። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደው ሦስት ቀን ታጥበው ተመለሱ።

«እንዴት ሆኑ?» አልኳቸው።

«ጉልበቴ ድኗል።»

«ዓይንዎስ?»

«ዓይኔማ የጉልበቴን መዳን አይቷል» አሉ። ከዚህ በላይ ስለ ወንዛዬ የተናገሩት የለም።

በስንት ልመና ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች። የመጀመሪያው አልፎበታል፣ ሁለተኛውን ዓይን እንሠራዋለን፣ ሞራውን እናነሳለን፣ ይድናል አለች። ከዚያ በኋላ ግን ጥቂት ቀን ዓይኑ ተሸፍኖ ይቆያል፣ እስከ ቀጠሮው ድረስ ማንበብ አይቻልም አለቻቸው። አባቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ከሆነማ ይቅር።»

«አባባ፣ ካልተሠሩ ይታወራሉ እኮ!»

«እያነበብኩ ልታወር» አሉና ወጡ። ኮሪደሩ ላይ እየተከተልኩ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ አባቴ ላይ የጮህኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ እያየን ነበር፣ አላፈርኩም። የፈራሁት ሌላ ነው። እኚህ ሰው ግትር ናቸውና የተናገሩትን ያደርጉታል።

እንግዲህ ሙያዬ ይህ አይደል፣ ብዬ ተነሳሁ። ቴሌቪዥን አላቸው፤ መጽሐፉን ኮምፒውተር ላይ ብጽፈውና ፊደሉን መዳፍ አሳክዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ባወጣላቸው ለሐኪሟ እሺ እስኪሉ ድረስ ጊዜ አገኛለሁ። ክረምቱን በሙሉ ሰኞ ከሰዓት መጽሐፉን ተውሼ እየወሰድኩ፣ ማክሰኞ ማለዳ ሳይረፍድባቸው እየመለስኩ፣ አንዳንዴም ጋፋት እያደርኩ ቅጠል በቅጠል ጻፍኩት። ብራና እንደ ደብተር አይተኛም፤ ይነሳል፣ ይጠቀለላል። መስታወት ጫንኩበት። ያ ቀይ ክር መስታወቱን አላስቀምጥ አለኝ፣ ስለዚህ በመቀስ ቆርጬ አወጣሁትና የእስክሪብቶ ማስቀመጫዬ ውስጥ ጣልኩት። ነጩን አልነካሁም፤ ያን ያህል ደፋር አይደለሁም።

ጽሑፉ ሲያልቅ አሮጌ ላፕቶፕ ይዤ ሄድኩና ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ቀጣዩ መስመር ይመጣል፤ ሲጨርሱ ሌላ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ፕሮግራሙ የደረሱበትን ይመዘግባል፣ ነገ ከዚያው ይከፍታል። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው መስመር ቴሌቪዥኑን ሞልቶ ሲወጣ አባቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የሰኞን ክፍል በአንድ ትንፋሽ አነበቡት። እኔ እየተኩራራሁ ወደ ከተማ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ይህ ኮምፒውተር ሰኞን ይወዳል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዛሬም ሰኞን ነው የከፈተልኝ። ሰኞን እኔ ያለ መጽሐፍም እወጣዋለሁ፤ የማክሰኞን ይስጠኝ በይው።»

«ምን ነክተው ነው አባባ?»

«ያልሽኝን ነው የነካሁ» አሉ፣ ቅር ብሏቸው። ያን ዕለት የማክሰኞን ክፍል ብራናውን በር ላይ ወደ ፀሐይ ይዘው፣ አፍንጫቸውን ቅጠሉ ላይ አድርገው እስከ እኩለ ቀን አነበቡት፤ ሳይቀምሱ።

ረቡዕ ሄድኩ፣ ፋይሉን በእጄ ወደ ረቡዕ ገፋሁላቸው፣ ተነበበ፣ ተመዘገበ። እዚያው አደርኩ፤ ሐሙስ ሲከፈት የሰኞ መጨረሻ ላይ ነው። ይባስ ብሎ የመጀመሪያው ፊደል ቦታ ላይ ጥቁር አልማዝ ወጥቶ ውስጡ የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል።

«ይህ ጥያቄ የማን ነው?» አሉ አባቴ።

«የኮምፒውተሩ ነው። ፊደሉ ተቆርጦበት ነው።»

«ፊደል ይቆረጣል?»

እኔ ኮዴን እያገላበጥኩ ላቤ ይወርዳል። እሳቸው ከጎኔ ቁጭ ብለው ብራናውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቅጠሉን በጣታቸው ይቆጥራሉ። አየኋቸውና ሆድ ባሰኝ፤ ተስፋ ቆርጠው በመጽሐፋቸው ሊያነቡ ነው ብዬ። እሳቸው ግን እየመረመሩ ኖሯል።

«ስሚ። ትናንት ያቆምኩት ስልሳኛው ቅጠል ላይ ነው። ዛሬ እሱ የከፈተው ሃያኛው ላይ ነው። የፊተኛውንም አይቼዋለሁ፤ ሃያ አንድ ላይ ሳቆም ሰባት ላይ ከፈተ። እኔ ሦስት ስራመድ እሱ አንድ ነው የሚራመደው። ሰነፍ ነው።»

ሦስት ሲሉኝ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ፋይል ውስጥ የሚቆጥረው ፊደል አይደለም፣ ባይት ነው፤ ባይት ማለት ትንሽ ክፍል በሉት። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ክፍል ይበቃታል። የእኛ ፊደል ግን ሦስት ክፍል ነው የምትይዘው፣ ቃል የሚለያየው ሁለት ነጥብ እንኳ ሦስት ክፍል ይዞ ነው የሚቀመጠው። እኔ ደግሞ አባቴ ያነበቡትን ፊደል ራሴ ቆጥሬ፣ ኮምፒውተሩን ይህን ያህል ሂድ ብዬ ላክሁት። እሱ በክፍል ቆጥሮ ሲሶው ላይ ቆመ። አንዳንዴም ከሦስቱ ክፍል መሀል ገብቶ ፊደሉን ከወገቡ በጠሰው። ሰሌዳ ላይ ለዓመታት ምሳሌ ስሰጥ የጻፍኩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለነበረ አንድም ቀን አልተያዝኩም። ተማሪዎቼ «ገብቶናል» ያሉኝ ውሸት ነው ብዬ ስስቅ ዋናዋ ውሸታም እኔው ነበርኩ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ራስህ አትቁጠር፤ ማቆሚያው ላይ ስትደርስ ፋይሉን «የት ነህ?» ብለህ ጠይቀው፣ የነገረህን እንዳለ መዝግብ፣ ነገ ያንኑ መልሰህ ስጠው። ሁለት መስመር ኮድ ነው። አስተካከልኩት። አርብ ጠዋት በትክክል አርብ ላይ ከፈተ።

«አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?» አልኳቸው፣ ፊታቸው ስላልፈታ።

«ጎረቤት ጠርቶኝ ወጥቼ ስመለስ ካቆምኩበት መስመር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«ከመሀል አይነሳም» አሉ።

ያንንም ሠራሁት። ፕሮግራሙ ሲከፈት ከተመዘገበው ቦታ ወደኋላ እያለ፣ የምዕራፍ ምልክት እስኪያገኝ እያፈገፈገ፣ እዚያ ቆሞ እንዲጠብቅ አደረግሁት። ይህን ሥርዓት የማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ አላየሁትም። አባቴ ግን «አሁን ሰው ሆነ» አሉት።

ሰው ሆኖ ብዙ አልቆየም፤ ዓይናቸው ነው የቀደመው። ፊደሉን አሳደግሁት። እንደገና አሳደግሁት። በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ ስክሪኑን ሞልቶ ይወጣ ጀመር፤ እሳቸውም ቆመው ግንባራቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ሊያስነኩ ምንም አልቀራቸውም። «በዚህ ዓይነት የማክሰኞን ሐሙስ እጨርሰዋለሁ» አሉ እየሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እያነበብኩ ልታወር ያሉት ነገር እየሆነ ነው፣ በእኔው እርዳታ።

ያኔ ነው ድምፃቸውን የመቅዳት ሐሳብ የመጣልኝ። ሰባት ጠዋት ሲያነቡ ስልኬን ከጎናቸው አስቀምጬ ልቅዳ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዓይናቸው ተሸፍኖ ሳለ የየቀኑን ክፍል ከራሳቸው ድምፅ ጋር እየተከተሉ በአፋቸው ይበሉ። ቀኑ አይቋረጥም። አባቴ ይህን የነፍስ አባታቸውን ሳይጠይቁ እሺ አይሉም። የነፍስ አባታቸው ቅዳሜ መጡ፤ በዕድሜ ያንሷቸዋል ግን ሁለቱም አንቱ ነው የሚባባሉ።

«በስልክ የተቀዳ ጸሎት ይቆጠራል?» አሉ አባቴ።

«የሚያነቡት ማን ናቸው?»

«እኔው ነኝ።»

«የሚሰሙትስ?»

«እኔው።»

«መሀል የገባው ማን ነው ታዲያ?»

«ልጄ ናት።»

«ልጅዎ መሀል ብትገባ ምን ችግር አለው?» አሉ ቄሱ እየሳቁ። «ብቻ አፍዎ አብሮ ይበል፤ ዝም ብለው እንዳያዳምጡ።»

ተቀዳ። ሰባቱም ቀን አንድ ረጅም ፋይል ሆነ። የጎረቤት ዶሮ አለበት፣ የአባቴ ሳል አለበት፣ ረቡዕ ላይ ደግሞ «ሂድ ከዚህ!» የሚል አለ፣ ለውሻው ነው። የየምዕራፉን መነሻ ቦታ አንድ በአንድ እየሰማሁ መዘገብኩ። የስልኬን ድምፅ መጨመሪያ ሲጫኑ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይዘላል፣ መቀነሻውን ሲጫኑ ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ ይመለሳል። ዓይን አያስፈልገውም፤ አውራ ጣት ይበቃል። አባቴ ለማመን ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስት ቀን ሞከሩት። በአራተኛው ቀን «በይ ቀጠሮ ያዢ» አሉኝ። ማሳው መሀል ለብቻዬ እስክወጣ ድረስ እንባዬን ያዝኩት።

አርብ ማለዳ አንብበው ሐኪም ቤት ገቡ። ቀዶ ጥገናው ሰላም ሆነ፤ ዛሬ በዚያ ዓይን መርፌ ላይ ክር ያስገባሉ። ያኔ ግን በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ፣ ከተማ እኔ ቤት አልጋ ተዘጋጅቶላቸው ገቡ። ብራናውን ከነማኅደሩ ይዘው ነው የመጡት። «ምን ያደርግልዎታል?» ስላቸው «ይቀመጥ» አሉ። ቅዳሜ ስልኩ አነበበ፣ አባቴ ተከተሉ። እሑድም እንዲሁ። ሰኞ ጠዋትም። በዕቅዴ ያልገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ ድምፃቸውን ወደዱት።

ሊጠይቃቸው የመጣ ሰው ሁሉ ያንን ስልክ ሳይሰማ አልሄደም። «እስቲ ስሙ፣ እኔ ነኝ» ይላሉ፤ አውራ ጣታቸውን ይጫናሉ፤ ሐሙስን ያሰማሉ፣ አርብን ያሰማሉ፣ ውሻውን የተቆጡበትን ሁለት ጊዜ ደግመው ያሰማሉ። ሰኞን ከጠዋት እስከ ማታ እንግዳ ተቀበሉ። መብራት ደግሞ ከእሑድ ማታ ጀምሮ ሄዷል። እኔ ይመጣል እያልኩ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አባቴ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቁልፉን ተጫኑ። ዝም። እንደገና ተጫኑ።

«ዝም አለኝ» አሉ።

አየሁት፤ ባትሪው ሞቷል። ላፕቶፑ ያለ መብራት መነሳት ካቆመ ዓመታት አልፈውታል። የእሳቸውና የጎረቤቱ ስልክ ቢኖርም ፋይሉ የለበትም። «ጄኔሬተር ያለበት ቢሮ ፈልጌ ቻርጅ አድርጌ ልምጣ፤ ባጃጅ ይዤ ቶሎ ነው የምመለሰው» አልኩ፣ ጫማዬን እየፈለግሁ። ያ ሁሉ ዓመት ያልተቋረጠው በእኔ ፕሮግራም ሊቋረጥ ነው።

«መጽሐፉን አምጪ» አሉ አባቴ።

«አይነበብም ተብለዋል እኮ!»

«አንቺስ ተብለሻል?»

ቆምኩ። ያንን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣቴ ጽፌዋለሁ። ጮክ ብዬ ግን አንድ መስመር አላነበብኩም። ፊደሉ ያው የምናውቀው ፊደል ነው፤ የግዕዝ ንባብ ግን የሚነሳውና የሚወድቀው ቦታ አለው፣ ያንን የማያውቅ ሰው ሲያነብ የሰማ ሰው ያዝናል። አመጣሁላቸው። ጭናቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ጠርዝ ጠርዙን ዳበሱ፤ ነጩን ክር ነኩ፣ አለፉት፣ ወደኋላ ተመለሱ፣ እንደገና ዳበሱ።

«ቀዩ ክር የታል?»

ልዋሽ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው፣ አሰብኩ። «መስታወቱን አላስቀምጥ ሲለኝ አወጣሁት» አልኩ። የእስክሪብቶ ማስቀመጫው ውስጥ እንዳይፈለግ እሱም ቢሮ ስቀይር የት እንደገባ አላውቅም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጣታቸው ግን ሥራውን አላቆመም፤ ቅጠል እያለፈ፣ እየዳበሰ ሄዶ ሄዶ አንዱ ላይ ቆመ።

«ይኸው ቀዳዳው» አሉ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በአንድ መስመር ትይዩ፣ ጠርዙ ላይ፣ የመርፌ ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው ትንሽ ቀልቷል።

«የምን ምልክት ነበር አባባ?»

«አንቺ ያቆምሽበት ነዋ።»

ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት በሙሉ ጠዋት ጠዋት ከጎናቸው አስቀምጠው ያስተምሩኝ ነበር፤ እሳቸው አንድ መስመር ይላሉ፣ እኔ እከተላለሁ፣ ይደግሙልኛል፣ እደግማለሁ። ከዚያ ከተማ አክስቴ ዘንድ ትምህርት ቤት ገባሁ። በበዓል ስትመጪ እንቀጥላለን ብለው፣ ከእናቴ ነጠላ ጥለት ላይ አንድ ክር መዘው ሰፉበት። በዓል መጣ፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፌን ይዤ መጣሁ። ሌላ በዓል መጣ። እናቴም አረፈች። እኔ ስለ ንባቡ ትዝ የሚለኝ ቶሎ እንዲያልቅ መመኘቴን ብቻ ነው። አፈርኩ። የሰውን ፋይል ቦታ ላለማጣት ክረምት ሙሉ የደከምኩት ሴትዮ የራሴን በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት።

«ተይው» አሉ። «ቅጠሉን ይዘሽ ተከተዪኝ።»

የማክሰኞን ክፍል ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ በቃላቸው። ዓይናቸው ታሽጎ፣ ድምፃቸው ሳይደናቀፍ ምዕራፍ በምዕራፍ ይወርዳል። በጣቴ እየተከተልኩ ነው፤ አንድ ፊደል አልሳቱም። እየቆየሁ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ የሚያውቁት ከሆነ ቴሌቪዥኑ ምን ነበር? ክረምቱን ምን አስፈጀኝ? ይህን እያሰብኩ የመርፌው ቀዳዳ ያለበት ቅጠል ላይ ደረስን። ከምዕራፉ መሀል፣ ከመስመሩም መሀል፣ ቀዳዳው ትይዩ ላይ ድምፃቸው ቆመ።

የደከማቸው መሰለኝ። «ውኃ ላምጣ?»

«ቀጥዪ።»

«ያውቁት የለም እንዴ?»

«የማውቀው እስከዚህ ነው። ለአንቺ ስደጋግመው ነው በቃሌ የገባው። አንቺ ስትሄጂ እዚያው ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ከመጽሐፍ ነው የማነበው።»

ከአፌ የወጣው ጥያቄ የማይረባ ነበር። «ከምዕራፉ መጀመሪያ ልነሳ? ከመሀል አይነሳም ይሉ የለ?»

«መጀመሪያውን እኔ ብዬዋለሁ» አሉ። «አንቺ ካቆምሽበት ነይ።»

አነበብኩ። የመጀመሪያዋን ቃል ሳትኩ፣ አረሙኝ፣ ደገምኳት። ሁለተኛዋን ደግሞ እሳቸው ሦስት ጊዜ አሉልኝ። ለሳቸው ግማሽ ሰዓት የሚወስደው የቀረው ንባብ ቁርሱን ምሳ አደረገው፤ ሁለታችንም አልቀመስንም፣ እኔም አልራበኝም። አንዳንዱ መስመር ላይ አፌ ሳላዘው ትክክሉን ሲል ሰማሁት፣ ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

ጥቂት ቅጠል ሲቀረን መብራት መጣ። ማቀዝቀዣው አጉረመረመ፤ ሶኬቱ ላይ የሰካሁት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንዘረዘረ። ልምድ ነውና ከአፌ ቃሉን ሳልጨርስ ላበራው ብድግ አልኩ። አባቴ ሳያዩ እጃቸውን ዘርግተው ቀሚሴን ያዙኝ።

«የት ትሄጂያለሽ? አሁን ካቋረጥሽ ከምዕራፉ መጀመሪያ ነው» አሉ።

ተመልሼ ተቀመጥኩና ቀጠልኩ።